ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? አንድ ጥያቄ ጠይቄ የወረደብኝ መልስ

መነሻ ጥያቄ (የኔው)

ሰላም ናችሁ? ጥያቄዬ ስለ መኪና ነው። አሁን የምነዳት ቤንዚን ናት፣ 1600 ሲሲ፣ ማንዋል፣ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ምናምን የሌላት፣ ለ100 ኪሎሜትር 8 ሊትር አካባቢ ትጠጣለች። የሥራ ባልደረባዬ ባለ 2000 ሲሲ ናፍጣ ከገዛ ወዲህ የኔዋ 6 ሊትር ብቻ ናት እያለ ጆሮዬን በልቶታል፣ ባለፈው ደሞ ቁልፉን ሰጠኝና ነዳኋት፣ እኔ በ2ኛ ማርሽ እየጮኸች የምወጣውን ዳገት የሱ በ4ኛ ዝም ብላ ወጣችው፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ልቤ ሸፍቷል። በዓመት 12,000 ኪሎሜትር ያህል እነዳለሁ። ሸጬ ናፍጣ ልግዛ ወይስ አርፌ ልቀመጥ? ወጪውንም ጉልበቱንም አብራችሁ አይታችሁ ንገሩኝ።

ይኸው ነው እዚህ መድረክ ላይ የጠየቅኩት። ጠዋት ስነሳ 9 መልስ ጠበቀኝ፣ በሳምንቱ 30 ደረሰ። አሁን አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ሊያነበው ስለማይችል ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ስድቡን አውጥቼዋለሁ፣ ሁሉንም ባይሆን።

መልስ 1

ናፍጣ እንድገዛ። በቃ ይሄው ነው፣ ምክንያት የለም ሰላምታም የለም።

መልስ 2

ይሄኛው በተቃራኒው ናፍጣ የሚባል ነገር ደጄ እንዳይደርስ ነው የመከረኝ። አንዴ ማደያ ላይ እጁን ነክቶት ማታ ድረስ በሳሙና ቢያሽ ቢያሽ ሽታው አልለቅ እንዳለው፣ ጠዋት መኪናዋ ስትነሳ ደሞ ሰፈሩን ሁሉ እንደምትቀሰቅስ ዘርዝሯል። ስለ ወጪ የጠየቅኩትን ያየው አይመስለኝም።

መልስ 3

ሂሳብ የሚወድ ሰው መጣ። ያለው ነገር ቀላል ነው ግን እኔ አስቤው አላውቅም። የናፍጣዋ መኪና ከቤንዚኗ ስንት እንደምትበልጥ በገንዘብ ከማሰብ በሊትር ቀይረው ነው የሚለው፣ ማለትም ልዩነቱ ስንት ሊትር ነዳጅ ይገዛል? ለምሳሌ 1,500 ሊትር የሚገዛ ልዩነት አለ እንበል። በዓመት 12,000 ኪሎሜትር በ8 ሊትር ሂሳብ 960 ሊትር፣ በ6 ሊትር ሂሳብ 720 ሊትር፣ ስለዚህ በዓመት የማተርፈው 240 ሊትር ነው። 1,500ን ለ240 ስናካፍል ስድስት ዓመት ከሩብ። በዓመት 40,000 ለሚነዳ ሰው ግን ትርፉ 800 ሊትር ስለሚሆን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይመልሳል። የሁለቱ ነዳጅ ዋጋ እኩል ከሆነ ነው ይሄ፣ ናፍጣ የሚረክስበትም የሚወደድበትም አገር ስላለ የራስህን ቁጥር አስገባ ብሎ ወጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ እስከ መጨረሻው ድረስም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

መልስ 4

የ3ኛውን ሂሳብ አመስግኖ ጎደሎ ነው አለ። ሰርቪሱ የታለ? የናፍጣ ሞተር የሚይዘው ዘይት ብዙ ጊዜ ይበዛል፣ የነዳጅ ፊልትሮው ውሃም ስለሚለይ ችላ አይባልም፣ ኢንጀክተር፣ ማለት ነዳጁን የሚረጨው ዕቃ፣ ከተበላሸ በካንዴላ ዋጋ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ካንዴላ መቀየር እኮ ማንም ይችላል፣ ኢንጀክተር ግን ማሽን ያለው ቦታ ተወስዶ ተፈትሾ ነው። በመጨረሻ ደሞ ያ 6 ሊትር የተባለው ከየት እንደመጣ ጠየቀ። ዳሽቦርዱ ላይ ከተጻፈው ከሆነ አላምንም፣ ሞልቶ ነድቶ እንደገና ሞልቶ ያስላው ነው የሚለው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

መልስ 5

አንድ አባት ገቡ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ናፍጣ ብቻ እንደነዱ፣ አንዷ መኪና ሞተሯ ሳይወርድ ከ600,000 ኪሎሜትር በላይ እንደሄደችላቸው፣ ቤንዚን ለሰርግ እንጂ ለሥራ እንደማይሆን አጫወቱን። ቁልቁለት ላይም ናፍጣ ሞተሩ ራሱ እንደሚይዝ፣ ቤንዚን ግን እንደሚለቅ ተናገሩ። አጻጻፋቸው ደስ ይላል፣ አንድም ነጥብ የለውም፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

መልስ 6

መካኒካል የሚያጠና ልጅ ለምን እንደሆነ ላስረዳ ብሎ መጣና ረዘም አድርጎ ጻፈ። ቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጅና አየሩ ተቀላቅሎ ከ9 እስከ 12 እጥፍ ያህል ይታመቅና በካንዴላ ብልጭታ ይቀጣጠላል፣ ከዛ በላይ ከታመቀ ብልጭታው ሳይመጣ ራሱ ይፈነዳል። ናፍጣ ሞተር ግን የሚያምቀው አየር ብቻ ነው፣ 15፣ 18፣ የድሮዎቹ እስከ 20 እጥፍ፣ አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል ነዳጁ ይረጭበትና ያለ ብልጭታ ይነዳል። በዛ ላይ ቤንዚኑ ቀስ ሲነዳ የአየር ማስገቢያው በቢራቢሮ ክዳን ስለሚታፈን ሞተሩ በታፈነ አፍንጫ እንደሚተነፍስ ሰው በባዶ ይለፋል፣ ናፍጣ ይሄ የለበትም፣ ሚኒሞ ላይ ቆሞ ሲሠራ የሚጠጣው በጣም ትንሽ የሆነውም ለዚህ ነው። የ5ኛውን የቁልቁለት ነገር ግን በትህትና አረመ። ያ ክዳን ስለሌለው የናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ከቤንዚን ያነሰ ነው፣ ጭነት መኪና ላይ የሚይዘው ጭስ ማውጫውን የሚዘጋ ወይም ቫልቩን የሚከፍት የሞተር ፍሬን ስለተገጠመለት ነው።

መልስ 7

አባትየው ተመለሱ። የሞተር ፍሬኑን ማብሪያ እሳቸውም እንደሚያውቁት፣ ልጁ ሳይወለድ ሲረግጡት እንደነበር ገለጹ። ግን አልተቆጡም።

መልስ 8

በሊትር መወዳደር ራሱ ማታለል ነው የሚል መጣ። ናፍጣ ከቤንዚን ይከብዳል፣ አንድ ሊትሩ ውስጥ ያለው ጉልበት ከ10 እስከ 13 በመቶ ይበልጣል፣ ስለዚህ ከቆጠብከው ግማሽ ያህሉ ሞተሩ ጎበዝ ስለሆነ ሳይሆን ሊትሩ ወፍራም ስለሆነ ነው አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ አካባቢ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ከናፍጣ 2.7 አካባቢ። በኔ ቁጥር ሲያሰላው 8 ሊትር ቤንዚን 18 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ 6 ሊትር ናፍጣ 16 ኪሎ። በሊትር 25 በመቶ የቀነሰው በጭስ 13 በመቶ ብቻ ሆነ። ለኪስህ ግን የምትከፍለው በሊትር ስለሆነ ግድ የለም ብሎ ራሱ ነገሩን አበረደው።

መልስ 9

አንድ መካኒክ ገባ። ከዚህ በኋላ ያለው ክርክር ሁሉ የሱ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ሊትሩም ስለ ጉልበቱም ምንም አላለም፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀኝ፣ ጠዋት ካስነሳሁ በኋላ ሞተሩን እስካጠፋ ድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

መልስ 10

እኔ ነኝ። ቢሮ 6 ኪሎሜትር ነው፣ ልጆቹን ማድረስ አለ፣ ገበያ አለ፣ በወር አንዴ ሁለቴ ራቅ ያለ ጉዞ እወጣለሁ። ደቂቃውን ቆጥሬ አላውቅም ብዬ መለስኩ።

መልስ 11

ቁጠረው። ይሄም መካኒኩ ነው።

መልስ 12

ከሁሉም መልስ እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። አንዲት ሴት ናት የጻፈችው፣ ናፍጣ ገዝታ ለሁለት ዓመት ከቤት ሥራ ከሥራ ቤት፣ አሥር ደቂቃ ባልሞላ መንገድ ስትነዳት ቆየች። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶ ነበር፣ መኪናዋ ደህና ስለምትሄድ ተወችው። አንድ ቀን ዘይት ልለካ ብላ መለኪያውን ዘንግ ስታወጣው ዘይቱ አልጎደለም፣ እንደውም ከላይኛው ምልክት በሁለት ጣት በልጧል። ደስ አላት። ዘይት የማትጨርስ ሞተር! ከዛ ዘንጉን በጨርቅ ስትጠርገው ቀጥኖ እንደ ውሃ ይንጠባጠባል፣ አፍንጫዋ ላይ ስታስጠጋው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

ምን እንደሆነ መካኒኩ በመልስ 13 አስረዳ። አዳዲሶቹ ናፍጣዎች ጭስ ማውጫው ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ ፊልትሮ አላቸው፣ ዲፒኤፍ የሚሉት። ሲሞላ ራሱን ያቃጥላል፣ ለዛ ደሞ 600 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል። ሙቀቱን ለማምጣት ሞተሩ ዋናው ነዳጅ ከነደደ በኋላ ትርፍ ናፍጣ ይረጫል፣ መኪናዋ ሳትቆም 15 እና 20 ደቂቃ ከሄደች ይቃጠልና ያልቃል። መሃል ላይ ካጠፋሃት ግን አልተጠናቀቀም፣ በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ታጠፋዋለህ፣ የተረጨው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የቀጠነ ዘይት ደሞ ቱርቦውንም ብሮንዚኑንም ይበላል። ሴትዮዋ የከፈለችውን ብር ሳይሆን የከፈለችበትን ዕቃ ዝርዝር ነው የጻፈችው፣ ፊልትሮው፣ ቱርቦው፣ ዘይቱ ሁለቴ።

መልስ 14

አንዱ ዘሎ ገብቶ መፍትሄው ቀላል ነው፣ ፊልትሮውን አስቀድዶ ውስጡን ባዶ ማድረግና ኮምፒውተሩን ማስተካከል ነው አለ። እሱ እንዳስወጣው፣ መኪናዋም እንደ ወፍ እንደቀለለች።

መልስ 15

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። መካኒኩ ጨዋነቱን ጣለ። ባጭሩ፣ ይሄ በብዙ አገር ሕግ የሚያስቀጣ መሆኑን፣ ከኋላው የሚሄደው ሰው ሳንባ የሱ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ እንዳልሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የናፍጣ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች መደብ ውስጥ እንዳስገባው ነገረው። ሌላም ብሏል፣ እሱን ነው ያወጣሁት።

መልስ 16፣ 17፣ 18

14ኛው መለሰ፣ መካኒኩ መለሰ፣ 14ኛው እንደገና መለሰ። ስለ መኪና የተባለ ነገር የለም።

መልስ 19

ናፍጣ ድሮ አለቀለት የሚል ሰው እ.ኤ.አ. የ2015ቱን የቮልስዋገን ጉዳይ አነሳ። መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ጭሱን የሚቀንስ፣ መንገድ ላይ ሲወጣ የሚለቅ ሶፍትዌር ነበር የተጫነው፣ ኩባንያው ራሱ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪና ላይ እንዳለ አምኗል። ስለዚህ የናፍጣ ንጽህና ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ደመደመ።

መልስ 20

ሁሉ ውሸት የሚለው ትክክል እንዳልሆነ የ6ኛው ልጅ ተመልሶ አረመው። እዛ ጋ የተዋሸው ናይትሮጅን ኦክሳይድ በሚባለው ላይ ነው፣ ጥቀርሻውና የነዳጅ ቁጠባው ሌላ ጉዳይ ነው። ናፍጣ ሁልጊዜ ከሚበቃው በላይ አየር ይዞ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚያቃጥል ያ ጋዝ ይበዛበታል፣ ለዛ ነው አሁን አድብሉ የሚባለው ፈሳሽ በሌላ ጋን የሚሞላው፣ 32.5 በመቶ ዩሪያ ነው ቀሪው ውሃ። እሱም ካለቀ ብዙዎቹ መኪናዎች ካጠፋሃቸው በኋላ እንደገና አይነሱም። ይሄንን ወጪ ሂሳባችሁ ውስጥ ማንም አላስገባም ብሎ ወቀሰን፣ እውነቱን ነው።

መልስ 21

በመጨረሻ ስለ ጉልበት የሚያወራ ተገኘ። ባልደረባዬ መኪና ላይ የተሰማኝ ነገር ምን እንደሆነ በአንድ ቀመር አሳየኝ፣ ኪሎዋት ማለት በኒውተን ሜትር የተለካው ቶርክ (የማዞር ኃይሉ) በደቂቃ ዙሩ ተባዝቶ ለ9,550 ሲካፈል ነው። ሁለቱም 150 ፈረስ ጉልበት የሆኑ ባለ 2000 ሲሲ መኪናዎች ያዝ ይላል፣ አንዱ ባለ ቱርቦ ናፍጣ በ2,000 ዙር ላይ 340 ኒውተን ሜትር ያለው፣ ሌላው ቱርቦ የሌለው ቤንዚን እዛው ዙር ላይ 170 ያለው። ናፍጣው 71 ኪሎዋት ይሰጥሃል፣ ቤንዚኑ 36። ወረቀት ላይ እኩል ናቸው፣ ዳገቱ ሥር ግን አንዱ ሁለት እጥፍ ነው። ቤንዚኑ ጉልበት አጥቶ ሳይሆን ጉልበቱ ላይኛው ዙር ላይ ተቀምጦ ስለሚጠብቅህ ነው፣ ማርሽ ቀንሰህ ሂድና ውሰደው።

እኔ በበኩሌ 2ኛ ማርሽ ላይ ስትጮህብኝ መኪናዋ የምትለምነኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሥራዋን እየሠራች ነው።

መልስ 22

ቤንዚን የሚወድ፣ ዙር የሚወድ፣ ድምፅ የሚወድ ሰው። ናፍጣ 4,500 ዙር ላይ ትንፋሹ ሲያልቅ ቤንዚን ገና ዘፈን እንደሚጀምር፣ ናፍጣ የትራክተር ሞተር እንደሆነና ውድድር ላይ ቦታ እንደሌለው ተናገረ።

መልስ 23

እ.ኤ.አ. በ2006 የሌማን የ24 ሰዓት ውድድርን ያሸነፈው አውዲ አር10 በናፍጣ የሚሄድ ነበር። ከዚህ ሌላ ምንም አልጻፈም። 22ኛው ከዛ በኋላ ጠፋ።

መልስ 24

የ21ኛው ንጽጽር ድሮ ቀረ የሚል። አሁን ትንንሾቹ ባለ ቱርቦ ቤንዚኖች፣ 1400 እና 1500 ሲሲዎቹ፣ ከ1,500 ዙር ጀምረው 250 ኒውተን ሜትር ይሰጣሉ፣ ስለዚህ ዳገት ልውጣ ብሎ ብቻ ናፍጣ የሚገዛበት ምክንያት የለም። ግን እነሱም ነጻ አይደሉም፣ ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጩ ማስገቢያ ቫልቩን የሚያጥብ ቤንዚን የለም፣ ካርቦን ይጋገርበታል፣ ጥቀርሻም ስለሚያወጡ ለነሱም ፊልትሮ መጥቷል። አክሎም ከባህር ወለል በጣም ከፍ ያለ ቦታ የሚነዳ ሰው ቱርቦ ያለው ቢገዛ እንደሚሻለው ነገረን፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፣ ነዳጁ ናፍጣም ሆነ ቤንዚን።

መልስ 25

ከዚህ ጀምሮ ከመስመር ወጣን። አንድ ልጅ የአጎቱን ናፍጣ ተውሶ ማታ ደክሞት ማደያ ላይ ቤንዚን ሞላበት። የቤንዚኑ አፍንጫ ቀጭን ስለሆነ ዘው ብሎ ይገባል፣ የናፍጣው ግን ወፍራም ስለሆነ ቤንዚን መኪና ላይ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል፣ ስለዚህ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ውድ በሆነው አቅጣጫ ነው። ልጁ ገንዘብ ሲከፍል ደረሰኙ ላይ ነው ያየው። እና ምን አደረገ? አስነስቶ ጥግ ልያዝ ብሎ ቁልፉን አዞረው።

መልስ 26

አባትየው ልጁን ሊያጽናኑ ሞከሩ። እሳቸው በወጣትነታቸው ብርድ ሲበረታና ናፍጣው እንደ ሰም ሲረጋ ትንሽ ቤንዚን ሆነ ላምባ ጣል ያደርጉበት እንደነበር፣ ሞተሩም ምንም እንዳልሆነ።

መልስ 27

መካኒኩ አባትየውን ሲያናግር ሌላ ሰው ነው የሚሆነው፣ አንቱ እያለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ። እሳቸው ያሉት ለድሮዎቹ ሞተሮች እውነት እንደሆነ አመነ። ያሁኖቹ ፖምፓ ግን ነዳጁን እስከ 2,000 ባር ግፊትና ከዛ በላይ ይገፋል፣ የሚቀባው ሌላ ዘይት የለውም፣ ራሱ ናፍጣው ነው የሚያለሰልሰው። ቤንዚን ሲገባበት ብረት ከብረት ይፋጫል፣ የብረቱ ብናኝ ኢንጀክተር ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ የተሳሳተ ሰው ማስነሳት ይቅርና ቁልፉን መክፈትም የለበትም፣ ጋኑ ውስጥ ያለችው ትንሿ ፖምፓ ቁልፍ ሲከፈት ብቻዋን መግፋት ትጀምራለችና። መኪናዋን ኒውትራል አድርጎ በእጅ መግፋት፣ ጋኑን ማስቀዳት። አባትየው አመሰገኑት። ልጁ የአጎቱን ነገር አልነገረንም፣ ብንጠይቀውም።

መልስ 28

ይሄኛው ቁልፍ ነቅሎ ሞተሩ አልጠፋ ስላለው ናፍጣ አወራ። ቱርቦው ዘይት ማሳለፍ ጀምሮ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየጠጣ ዙሩ ብቻውን ይወጣል፣ ጭሱ ነጭ ግድግዳ ሆኗል፣ እሱ ቁልፉን በእጁ ይዞ ውጭ ቆሞ ያያል። ቤንዚን ቢሆን ብልጭታው ሲቋረጥ ይጠፋል፣ ናፍጣ ግን አየርና የሚነድ ነገር እስካገኘ ድረስ ማንንም አይጠይቅም። ያዳነው አንድ መንገደኛ ነው፣ ገብቶ ፍሬን ረግጦ 5ኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀና አነቀው። ይሄን ያነበብኩት ማታ ነው፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መልስ 29

ስለ ሩዶልፍ ዲዝል። ሞተሩን እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስበርግ ላይ ሠርቶ እንዳሳየ፣ በ1913 ወደ እንግሊዝ በሚሄድ መርከብ ላይ ማታ ወደ ክፍሉ ገብቶ ጠዋት እንዳልተገኘ። ከዛ ገደሉት ራሱን ጣለ የሚል ክርክር ሦስት ሰው አስነሳ፣ ቁጥር አልሰጣቸውም፣ ማንም አያውቅም።

መልስ 30

ሁላችሁም ኋላ ቀር ናችሁ፣ አጭር መንገድ ለሚነዳ ሰው ሃይብሪድ ወይ ኤሌክትሪክ ነው የሚል። በመሠረቱ አልተሳሳተም። አነጋገሩ ግን ሰው ያስቆጣል፣ 14ኛው ከተደበቀበት ወጥቶ ስለ ባትሪ ያልሆነ ነገር ተናገረ፣ እኔ ጥያቄው ስለ ናፍጣና ቤንዚን ነው ብዬ ለመንኩ፣ የሰማኝ የለም።

መልስ 31

እኔ። ቆጠርኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወንበሩ ኪስ ውስጥ ትንሽ ደብተር ይዤ ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር ሰዓቱን ጻፍኩ። በ14 ቀን 41 ጊዜ አስነስቻለሁ፣ 33ቱ 15 ደቂቃ ሳይሞላቸው ነው ያጠፋሁት። እጅግ የሚያሳፍረው ከቤት እስከ ዳቦ ቤት ነው፣ 3 ደቂቃ። በዚሁ እልህ የድሮ የሰርቪስ ካርዶቼን አውጥቼ ባይ ደሞ በዓመት የምነዳው 12,000 አይደለም፣ 9,000 ነው። ሞልቼ ነድቼ ሞልቼ ሳሰላው የኔዋም 8 ሳትሆን 8.4 ሊትር ናት።

መልስ 32

ይሄን ያልጠበቅኩት ነው። ባልደረባዬ ይሄን ውይይት አግኝቶት ኖሯል፣ መነሻው ላይ ራሱን አውቆት። መጀመሪያ ጆሮዬን በላው ስላልኩት ተቀየመ፣ ቀጥሎ ግን ሰው ነው፣ በ4ኛው ምክር መሠረት እሱም ሞልቶ ነድቶ መሙላቱን አመነ። ያ 6 ሊትር ዳሽቦርዱ ላይ የሚነበበው ነው፣ ያውም አንድ ቀን ረጅም ጉዞ ሄዶ ሲመለስ ያየው። በዚህ በየዕለቱ መንገዳችን ላይ የወጣለት 7.4 ሆነ።

መልስ 33

ሂሳብ ወዳጁ ወዲያው ደረሰ። ልዩነቱ ለ100 ኪሎሜትር 1 ሊትር፣ በዓመት 9,000 ኪሎሜትር 90 ሊትር። 1,500 ለ90 ሲካፈል 16 ዓመት ከ8 ወር። ከዚህ ውስጥ አድብሉውን፣ ዘይቱንና ፊልትሮውን ልቀንስ ወይስ ይብቃህ ብሎ ጠየቀኝ። ይብቃኝ አልኩት።

መልስ 34

መካኒኩ ለኔ ምንም አላለኝም። ባልደረባዬን ነው የጠየቀው፣ የሱም ቢሮ ያው እዚሁ 6 ኪሎሜትር ላይ አይደለም ወይ፣ ቢጫ መብራት በርቶ ያውቃል ወይ?

መልስ 35

በርቷል፣ ከሦስት ወር በፊት። መኪናዋ ግን ደህና ትሄዳለች።

መልስ 36

መካኒኩ ሞተሩ ሲበርድ የዘይቱን ዘንግ እንዲያወጣው፣ በነጭ ጨርቅ ጠርጎ መልሶ አስገብቶ እንደገና እንዲያወጣው፣ ከዛ እንዲያሸተው ነገረው።

መልስ 37 የለም። ባልደረባዬ እዚህ አልጻፈም፣ ደወለልኝ። ከላይኛው ምልክት በአንድ ጣት በልጧል። ሽታውን ስጠይቀው ዝም አለ። ነገ ከሥራ በኋላ ጋራዥ አብረን እንሄዳለን፣ በኔዋ።